ድምቡሼን ያስጾምኳት እኔ ነኝ

ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ነገር ለማንም አልተናገርኩም። ለባለቤቴ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። በየዓመቱ ስቅለት ማታ፣ ከስግደቱ በኋላ፣ ካህኑ ፊት ጎንበስ ብዬ ስናዘዝ የተቆጣሁትን ተናግሬአለሁ፤ ያማሁትን ተናግሬአለሁ፤ በጾም ቀን ሳልጠነቀቅ የቀመስኩትን ሳይቀር ተናግሬአለሁ። በወይራ ቅጠል ትከሻዬን ቸብ ቸብ ተደርጌ፣ የታዘዝኩትን ሰግጄ ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ። ይህቺን ግን ዘለልኳት። የእንስሳ ነገር ኃጢአት አይባልም እያልኩ ዘለልኳት። ምክንያቴ ግን እሱ አልነበረም። የዘለልኳት ኃጢአት መሆኗን ስለማውቅ ነው።

አሁን ለምን ትጽፋለህ የሚለኝ ቢኖር መልሴ አጭር ነው። ውሸቱን የተናገርኩት በሰው ፊት ነው። እውነቱን በጓዳ ተናግሬ ብቀር ከዕዳዬ ግማሹን እንኳ አላቀለልኩም።

እኔ መሐል ሜዳ ወፍጮ ቤት ያለኝ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት የቆየሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ቀሪውን ራሴን ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። የወፍጮውን ሞተር ከነመመሪያው ቃል በቃል አጥንቼ፣ ፈትቼ የምገጥመው እኔው ነኝ። በዚህ እኮራ ነበር። አንድ ነገር ሳላነብ አልናገርም እል ነበር። በቤቴም ሕግ ነበረኝ፤ ሰዓት የሚያሳልፍ አይወደድም፣ የጀመረውን የሚተው አይወደድም፣ የሚዋሽ ከሁሉ ይልቅ አይወደድም። ይህን የምጽፍ እኔ፣ ልጄን ስለ ውሸት ስንት ጊዜ ገሥጫታለሁ?

ልጄ ምንትዋብ ያኔ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። አዲስ አበባ ያለችው አክስቷ ልጆቿ የሰለቿትን አንዲት እንስሳ በካርቶን አድርጋ አመጣችላት። ፈረንጆቹ ጊኒ ፒግ ይሏታል። ከአይጥ ትበልጣለች፣ ከጥንቸል ታንሳለች፣ ጅራት የላትም፤ ሣር ኮሽ ሲል በሰማች ቁጥር እንደ ወፍ ታፏጫለች። ምንትዋብ ድምቡሼ አለቻት፤ ያኔ በእርግጥም ድምቡሽቡሽ ያለች ነበረች። ወፍጮ ቤት እህል ይዞ የሚመጣው ሰው ሁሉ ሳያያት አይሄድም። አንዱ የጓሳ ሰው፣ «ሽፈራው፣ እኛ አገር ቀበሮ የሚበላውን ፍልፈል አንተ ቤት በጎመን ታቀማጥለዋለህ?» ብሎ ሰው አሳቀብኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ሆኖም ከነከነኝ። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ደግሞ፣ ከቆላ መጥተው ቅመም የሚነግዱ ሴት ናቸው፣ ቅጠል ስትቆረጥም አይተው «ይቺስ ዓመቱን ሙሉ ጿሚ ናት፤ ከእናንተም ከእኛም በለጠች» አሉ።

በበጋው ወራት ድምቡሼ ከሳች። ጥፋቱ የማንም አልነበረም፤ ለምለም ሣር ስለጠፋ ምንትዋብ የወፍጮ ቤቱን ፉርሽካ ትሰጣት ነበር። ፋንድያዋ መጀመሪያ ደቀቀ፣ ቀጥሎ ላላ። ፀጉሯ ቆመ። ልጅቱ ለእኔ ሳትነግረኝ በካርቶን ይዛት ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያው ሄደች። ባለሙያው ቅን ሰው ነበር፤ እንዲህ ያለ እንስሳ አክሞ እንደማያውቅ ነግሯት፣ በስልኩ ሲያነብ ቆይቶ፣ አንጀቷ የበግ ሳይሆን የፈረስ ዓይነት መሆኑን አስረዳት። ሆዷ ባዶ ከዋለ አንጀቷ ይቆማል፤ አንጀቷ ከቆመ ትሞታለች። ድርቆሽ ከፊቷ አይጥፋ። እህል አትንካ። ክብደቷን በየቀኑ መዝኚ።

ልጄ ያን ሁሉ አደረገች። ድርቆሽ በሙቀጫ ወቅጣ፣ በውሃ በጥብጣ፣ መርፌ በሌለው ስሪንጅ በአፏ ጥግ ትሰጣታለች፤ ከትምህርት ቤት በረፍት ሰዓት እየሮጠች ትመጣለች። በየጠዋቱ በእትዬ ዘይነባ የቅመም ሚዛን ላይ ታስቀምጣትና ቁጥሩን በደብተር ትጽፋለች። ከስታ ስድስት መቶ ሠላሳ ግራም ወርዳ የነበረችው፣ በሁለተኛው ሳምንት በራሷ ጥርስ ድርቆሽ መቆርጠም ጀመረች። ማፏጨትም ጀመረች።

እኔ ምን አልኩ? «ይህን ትጋት ለትምህርትሽ ብታደርጊው» አልኩ። ያየሁትን ትጋት ማመስገን አቃተኝ። ማን እንዳስተማራት ጠየቅኩ፤ እኔ አለመሆኔ ነበር የቆጨኝ።

ሰሞነ ሕማማት ሲገባ የባለቤቴ እናት ዘመሮ ላይ ታመሙ። ባለቤቴ ምንትዋብን ይዛ ልትሄድ ሆነ፤ ረቡዕ ሄደው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሊመለሱ። ልጅቱ ልትቀር ለመነች፤ እኔ አልፈቀድኩም። ያን ዕለት ጠዋት ድምቡሼ ሰባት መቶ ዐሥር ግራም መዘነች። ምንትዋብ በአንድ ገጽ ላይ የሚደረገውን ሁሉ ጽፋ ሰጠችኝና፣ ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል በመስኮቱ «አባባ፣ ሌላው ይቅር፤ ሆዷ ብቻ ባዶ እንዳይውል። በየቀኑም ይመዝኗት» አለችኝ።

«እሺ» አልኩ። የሰጠሁት ቃል ይህ ነው።

ገጹን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ አላነበብኩትም። የሞተር መመሪያ ከነማስጠንቀቂያው የማነብ ሰው የልጄን አንዲት ገጽ አላነበብኩም። ለምን? አባት ከልጁ ምን ይማራል ብዬ ነዋ።

ሐሙስ ጸሎተ ሐሙስ ነው። እንደ ደንቡ ጉልባን ተቀቅሎ ነበር፤ ስንዴና የተከካ ባቄላ። ድምቡሼን አየኋት፤ አጥንቷ ከጀርባዋ አሁንም ይዳሰሳል። እኔ የመንዝ ሰው ነኝ፤ የከሳ በግ በምን እንደሚያገግም ይጠፋኛል? በባቄላ ነው። በድርቆሽ የሰባ በግ ማን አይቶ ያውቃል? ከጉልባኑ ዘግኜ አስቀመጥኩላት። አላመነታችም፤ በላች። ስትበላ አይቼ ደስ አለኝ። ምንትዋብ ስትመጣ ወፍራ ታገኛታለች፣ አባትሽ እንዲህ ነው እላታለሁ ብዬ አሰብኩ። በዚያ እፍኝ ባቄላ ውስጥ ስንት ትዕቢት እንደነበረ አሁን ነው የሚታየኝ።

ማታ ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ጥግ ይዛ ተኮማተረች።

እዚህ ላይ ቆሜ ኪሴ ያለውን ወረቀት ባወጣ ኖሮ ትድን ይሆን? አላውቅም። አላወጣሁትም። ያወቅኩ መስሎኝ ነበር። እኔ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህል ውሃ በአፌ አይዞርም፤ አክፍሎት ከልጅነቴ አቋርጬ አላውቅም። ጾም ነፍስን ብቻ ሳይሆን ሆድንም እንደሚፈውስ አምናለሁ፤ ሆዴን ሲያመኝ ቀኑን በውሃ እውልና ይሻለኛል። እናም ለእሷ ፈረድኩላት። ድርቆሹን ከፊቷ አነሣሁ። የጎመኑን ቅጠል አነሣሁ። ስሪንጁን አጥቤ መደርደሪያ ላይ ሰቀልኩ። «እኔ ለሁለት ቀን ችዬ አንቺ ትሞቻለሽ እንዴ?» አልኳት። ይህን ስናገር ፈገግ ብዬ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እትዬ ዘይነባ ሱቅ ገብቼ መዘንኳት። ስድስት መቶ ሰማንያ። ጻፍኩት። እትዬ ዘይነባ በእጃቸው ሆዷን ዳበስ አድርገው አዩኝ።

«የምንትዋብ አባት፣ ይቺ ምን በልታ አደረች?»

ሆዷን እያሳረፍኩት መሆኑን ነገርኳቸው።

«እኛ እንኳ ሕፃንና በሽተኛ አናስጾምም» አሉ ቀስ ብለው። «እናንተም እንደማታስጾሙ ነበር የማውቀው።»

መለስ ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። ይልቅ ተናደድኩ፤ የሃይማኖቴን ነገር እሳቸው ሊነግሩኝ ብዬ። ካርቶኑን ቤት መልሼ አስቀመጥኩና ቀኑን ሙሉ ስሰግድ ዋልኩ። ምን ያህል እንደሰገድኩ ጉልበቴ ያውቃል። በአምላክ ፊት ተንበርክኬ የለመንኩት ምሕረት ነበር፤ ቤቴ ውስጥ በካርቶን የዘጋሁባት የምትለምነኝም እሱኑ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ቄጤማው ተባርኮ ተሰጠን። ሁላችንም እንደ ልማዱ እየሰነጠቅን ራሳችን ላይ አሠርን። ለምለም፣ ውሃ ያለው፣ ገና ከረግረጉ የታጨደ ቄጤማ ነበር። ቤት ገብቼ ካርቶኑ ላይ ጎንበስ ስል አንደኛው ጫፍ ከግንባሬ ላይ ወደ እሷ ወረደ።

አፏጨች። ደክማለች፣ መቆም አቅቷት ተንጋዳለች፤ ግን ያን ሣር ሸተታትና አፏጨች። አፍንጫዋን አነሣች።

እኔ ቄጤማውን ከራሴ ፈትቼ ከላይ ምስማሩ ላይ ሰቀልኩት።

ይህን ነው ልናገረው ያቃተኝ። ጉልባኑ አለማወቅ ነው ልበል። ዓርብ ማስጾሜም አለማወቅ ነው ልበል። ይህኛው ግን ምንድነው? ስትለምነኝ ሰምቻለሁ። ምን እንደምትለምነኝ አውቄአለሁ። «እስከ ማታ ነው፣ ምንትዋብ ስትመጣ ትሰጥሻለች» ብዬ ሰቀልኩት። የጀመርኩትን መተው አልወድም፤ አንድ ነገር ብዬ ከዚያ መመለስ ለእኔ ሽንፈት ነበር። ለአንዲት ፍልፈል እንኳ መሸነፍ አልቻልኩም።

በዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሞተች።

ይዣት ወደ እትዬ ዘይነባ ሱቅ ሄድኩ። በየቀኑ እመዝናታለሁ ብዬ ነበርና መዘንኳት። ስድስት መቶ ዐሥራ አምስት። ለልጄ ከገባሁት ቃል የጠበቅኩት ይህን ብቻ ነው፤ እሱንም ሐሙስን ዘልዬ። እትዬ ዘይነባ የሚዛኑን ሳህን በጨርቅ ጠርገው መለሱት።

ከዚያ ወደ ቤት ስመለስ ክብደቷን የጻፍኩበት የምንትዋብ ደብተር እጄ ላይ ነበር። ቁጥሮቹ አፍ አውጥተው ይናገራሉ፤ በልጄ እጅ ሲወጣ የነበረው በእኔ እጅ ወርዷል። ገጹን ከደብተሩ ቀደድኩት። ላቃጥለው አልቻልኩም። አጥፌ ዳዊቴ ውስጥ አስገባሁት፤ በየጠዋቱ እጄ በሚነካው መጽሐፍ ውስጥ።

ልጅቱ ከመኪና ወርዳ እየሮጠች ገባች። ካርቶኑ ባዶ ነበር። ከካርቶኑ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም ያን ጊዜ፣ ምንም ሳልዘጋጅ፣ እንዲህ አልኳት፤ «ረቡዕ ስትሄጂ የረጠበ ጎመን ሰጥተሻት ነበር። ሆዷ ተነፋ። ምን ላድርግ?»

በእርግጥም ረቡዕ አንድ ቅጠል ሰጥታት ነበር። ውሸት ሲዋሽ እንዲህ ነው፤ አንዲት የእውነት ቅጠል ይዞ ይመጣል። ምንትዋብ አንድ ጠብታ እንባ እንኳ አላፈሰሰችም። «አጥቤ አራግፌው ነበር እኮ» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ።

ይህም አልበቃኝም። በማግስቱ ፋሲካ ነው፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ሲበላ አንዱ ስለ ድምቡሼ ጠየቀ። ልጄ ወጥ ይዛ ቆማ ነበር። እኔም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንደ ሰባኪ ድምፄን አስተካክዬ፣ «ነፍስ ያለው ነገር ለቸልተኛ እጅ አይሰጥም። እሷም ተምራበታለች» አልኩ። እትዬ ዘይነባ እዚያው ነበሩ። የቡና ሲኒያቸውን አስቀምጠው ቀና ብለው አዩኝ፤ እኔ ዓይኔን አዞርኩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ስንገናኝ ሰላምታችን ሳይጎድል አንድ ጊዜ ብቻ «ነገሯት?» አሉኝ። እኔም የበርበሬ ዋጋ ጠይቄያቸው አለፍኩ።

ምንትዋብ ከዚያ በኋላ ጫጩት አልያዘችም፤ የበግ ግልገል አላቀፈችም። በትምህርቷ ጎበዝ ነበረች። የእንስሳት ሕክምና እንድታጠና መምህሮቿ ሲመክሯት፣ እጄ አይሆንም ብላ ሌላ መረጠች። ጨዋ ልጅ ወጣት ብለው ሰዎች ሲያመሰግኑልኝ እሰማለሁ። ዝምታዋን ጨዋነት ይሉታል፤ እኔ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ።

ዛሬ ደብረ ብርሃን ናት፤ አግብታ የአምስት ወር ልጅ አላት። ባለፈው ወር ሕፃኑ ሆዱን ታመመ፤ ያስቀምጠው ጀመር፤ ከሳ። ጤና ጣቢያ ጡት ሳታቋርጥ እንድታጠባ ነግረዋታል። አማቷ ደግሞ ደግ ሴት ናቸው፣ ግን እንደ እኔ ያሉ ናቸው፤ ሆዱ ይረፍ፣ ጡቱ ይቆየው፣ የጤና አዳም ውሃ ይበቃዋል አሉ። ባለቤቴ በስልክ ስታነጋግራት ድምፁ ወደ ውጭ ይሰማ ነበር። እናቷ ለምን አንቺው አትይዢውም ስትላት ምንትዋብ እንዲህ አለች፤

«እማዬ፣ እሳቸው ይያዙት። ነፍስ ለቸልተኛ እጅ አይሰጥም።»

ምሬት አልነበረበትም። አንድ ሰው የራሱን ስም እንደሚናገር ነው የተናገረችው።

ዳዊቴን አንሥቼ ወጣሁ። በተገኘው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱ ሁሉ ምን እንደምል ሳሰላስል ነበር፤ አለማወቄን እንዴት እንደማስቀድም፣ ዓርቡን እንዴት እንደማለሳልስ። ደርሼ ሳያት ግን ያሰላሰልኩት ሁሉ ጠፋኝ። አማቷ ሕፃኑን ታቅፈው ተቀምጠዋል፤ እሷ በር ሥር ቆማለች፣ በገዛ ቤቷ እንደ እንግዳ። ገጹን ከዳዊቱ አውጥቼ ሰጠኋት።

«ይህ ከደብተርሽ የቀደድኩት ነው» አልኩ። «ድምቡሼን የገደልኳት እኔ ነኝ። ጉልባን አበላኋት፣ ከዚያ አስጾምኳት። ያንቺ እጅ እያዳናት ነበር። ቸልተኛው እጅ የኔ ነው።»

ቁጥሮቹን አንድ በአንድ በጣቷ ተከትላ አነበበች። ሰባት መቶ ዐሥር። ስድስት መቶ ሰማንያ። ስድስት መቶ ዐሥራ አምስት። አማቷ ሕፃኑን ማወዛወዝ አቆሙ። ልጄ ቀና አለች።

«ቅዳሜ ነው የሞተችው?»

«ቅዳሜ ነው።»

«ቄጤማ ይዘው ገብተው ነበር?»

ይህን ትጠይቀኛለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። ረስቼ ነበር፤ ያቺን እንስሳ ከእኔ ይልቅ የምታውቃት እሷ ናት።

«ይዤ ገብቼ ነበር።»

«አፏጨች?»

አላፏጨችም ብዬ ልገላግላት እችል ነበር። ምሕረትም ይመስል ነበር። ግን ዐሥራ አንድ ዓመት የበላት እንዲህ ያለው የእኔ ቃል ነው።

«አፏጨች» አልኳት።

ገጹን አጥፋ ያዘችው። ከዚያ አማቷ ጋ ሄዳ እጇን ዘረጋች፤ እሳቸውም ሕፃኑን ሰጧት። ተቀምጣ አጠባችው። ከዚያ ወዲህ ሕፃኑን በየሳምንቱ ራሷ ወስዳ ታስመዝነዋለች፤ እየጨመረ ነው አሉ። ይህን የምናገረው ለእኔ ምስጋና እንዲሆን አይደለም። ከእሷ ላይ ያነሣሁት እኔው የጫንኩትን ድንጋይ ነው።

ይቅር ብዬዎታለሁ አላለችኝም፤ ይቅር በይኝ ብዬም አላስጨነቅኳትም። በዚያ ፋሲካ ማዕዴ ላይ የነበራችሁ ሁሉ ግን ያልኩት ውሸት እንደነበር እወቁልኝ፤ እትዬ ዘይነባም ከጥያቄያቸው ይረፉ። ስለ ድምቡሼ ይቅር የሚለኝ ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። ባለማወቄ ማረኝ አልልም። ጾም የራስን እህል መተው ነው። እኔ ጾምኩ፤ እሷ ተራበች።